ሦስት ዓመት ያልሞላው ፈረሴን ለጥር 23 ልጫነው ወይስ ይቆይ?

የባንጃው ልጅ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። ፈረስ ለምታውቁ ሰዎች ጥያቄ አለኝ።

ቤታችን የተወለደ ዳማ ፈረስ አለኝ፣ ግንባሩ ቦራ ነው። እናቱ የአባቴ ባዝራ ናት። መስከረም ላይ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። አልተኮላሸም። በቁመት ከእናቱ ትንሽ ነው የሚያንሰው፣ ያየው ሁሉ "ይኼማ ደርሷል፣ ምን ትጠብቃለህ?" ይለኛል።

ሐሳቤ ለመጪው ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል እሱን ጭኜ መውጣት ነበር። አባቴ የፈረሰኞቹ ማኅበር አባል ነው። እኔ እስካሁን በሰው ፈረስ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ጉጉቴ ይገባችኋል። አጎቴ "ይሄ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው" ይላል። ሁለት ጎረምሳ ልባቡን (ብረት የሌለውን የራስ ማሰሪያ) ይይዛል፣ ኮርቻው ይጫናል፣ የታረሰ ማሳ ላይ አንዱ ፊጥ ይልበታል፣ አፈሩ እግሩን ስለሚይዘው እንደ ልቡ መዝለል አይችልም፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲደክመው ይገራል። ድሮም የሚገራው እንዲህ ነው ነው የሚለው።

አሁን ያለበት ሁኔታ ይሄ ነው። በልባብ ሲስቡት ይከተላል፣ ገበያ ድረስም ይሄዳል። ግን ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ጀርባውን ያጎብጥና ይራገጣል። የኋላ እግሩን አያስነሳም። ግራ ጆሮውን ብነካው ምንም አይልም፣ ቀኙን ግን ገና እጄ ሲቀርብ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል። ልጓም አፉ ገብቶ አያውቅም። ቤት ያለው የአያቴ ባለቀለበት ልጓም ነው፣ ኮርቻውም የድሮው የእንጨት ነው። እኔ 74 ኪሎ ነኝ።

ለጥር ይደርሳል? ካልደረሰስ እስከዚያ ምን ላስተምረው? የምታውቁትን በግልጽ ንገሩኝ፣ አልቀየምም።


አያ ከአንከሻ፦

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። አጎትህ ያለውን አሠራር እኔም ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። ፈረስ ይወጣዋል፣ አልዋሽህም። ግን የሚወጣው ፈረስ ኮርቻ ሲያይ ቆዳው የሚንቀጠቀጥ፣ የቆመውም ገብቶት ሳይሆን ደክሞት ነው። ጉልበቱ ሲመለስ ተንኮሉም አብሮ ይመለሳል። በደህና ቀን ጨዋ መስሎ ይውልና፣ ጅራፍ ሲጮህ ልጓሙን ነክሶ ይዞህ ይበራል።

ጥር 23 ቀን ሜዳው ምን እንደሚመስል አንተም ታውቀዋለህ። ከየወረዳው የመጣው ፈረስ አንድ ላይ ነው የሚሰለፈው። አቧራው፣ እልልታው፣ ሽለላው፣ ድምፅ ማጉያው፣ በፈረሱ ግራና ቀኝ የሚጋፋው ሕዝብ አለ። ልጆች በእግሮቹ መሀል ይሯሯጣሉ። ከርሞ የተገራው ፈረስ እንኳ ያን ቀን ይበረግጋል። ተጭኖ ወር ያልሞላውን ይዘህ ብትገባ አንተ ብትወድቅ ትነሣለህ፣ የሰው ልጅ ላይ ከወጣ ግን ምን ትላለህ? አባቶች ማኅበሩን በ1932 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ዓድዋ ዘምተው የነበሩትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ብለው ነው፣ ቀኑም የጊዮርጊስ ነው። ፈረስ የሚከበርበት ቀን ላይ ያልደረሰ ፈረስ ማስጨነቅ ለእኔ ከበዓሉ ጋር አይሄድም።

ታዲያ ቤት አስቀምጠው አላልኩህም። ዘንድሮ በልባብ ይዘኸው ሂድ። እናቱን አባትህ ይጫናት፣ እሱ ከጎኗ ይሂድ። ግላስ አልብሰው፣ ይመርበት። ከሕዝቡ ዳር ቁምና ፈረሱ ሲጋልብ፣ ጅራፍ ሲጮህ ይይ፣ ይስማ። የተረጋጋ ትልቅ ፈረስ አጠገቡ ካለ ግማሹን ትምህርት ከእሷ ነው የሚወስደው። እሷ ካልደነበረች እሱም ብዙ አይደነብርም። ሲከብደው ካየህ ትንሽ ራቅ አድርገው፣ ሲረጋጋ መልሰው። የሚቀጥለው ጥር አራት ዓመት አልፎታል፣ ያኔ ተጭኖ ይወጣል፣ አንተም ትኮራበታለህ።


የእንስሳት ሐኪሙ፦

አያ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ከሰውነቱ አንጻር ልጨምር።

መጀመሪያ ዕድሜውን በአፉ አረጋግጥ፣ ቤት ቢወለድም ሰው ወሩን ይረሳል። ከንፈሩን ገልጠህ የፊት ጥርሶቹን እይ። መሀል ያሉት ሁለቱ፣ ከላይም ከታችም፣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ይቀየራሉ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፣ ወደ ድዱ ሲጠጋ ይቀጥናል፤ ቋሚው ሰፊና ቢጫ ቀመስ ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስት ዓመት ተኩል ላይ፣ የዳሮቹ አራት ዓመት ተኩል ላይ ይቀየራሉ። በዚሁ ጊዜ ኋላ ያሉት መንጋጋዎችም እየተቀየሩ ስለሆነ አፉ ሊያመው ይችላል። ብዙ ሰው "ልጓም እምቢ አለ" ብሎ የሚመታው ፈረስ ጥርሱን የታመመ ነው።

አጥንቱስ? ቁመት አያታልልህ። እግሩ ቀድሞ ነው የሚያድገው፤ ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ይዘጋል። አንተ የምትቀመጥበት አከርካሪ ግን የመጨረሻው ነው፣ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይሄ ማለት እስከ አምስት ዓመት አይጫን ማለት አይደለም። ቀላል ሰው፣ አጭር ጊዜ፣ በእርምጃ ከሆነ ሦስት ዓመት ተኩል ላይ መጀመር ይቻላል። ሽምጥ ግልቢያ፣ ጉግስ፣ ሹል መታጠፊያ፣ ቁልቁለት ግን ይቆይ።

አሁን የኪሎው ነገር። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ ፈረሱ ኮርቻውን ጨምሮ የራሱን ክብደት 20 በመቶ ገደማ ይሸከም የሚል ነው። ሚዛን የለህም፣ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር አይጠፋም። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲሜትር ለካ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ርዝመቱን ለካ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው፣ ኪሎው በግምት ይወጣልሃል። ደረቱ 145 ርዝመቱ 130 ከሆነ 230 ኪሎ ነው። 20 በመቶው 46 ኪሎ ነው። አንተ 74 ነህ፣ ኮርቻው አሥር ቢሆን 84፣ ከክብደቱ ሲሶውን አለፈ። የደረሰና ጡንቻው የዳበረ የሀገራችን ፈረስ ከዚህ በላይ ሲሸከም በየቀኑ እናያለን፣ ያ ግን ለሕፃኑ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀለል ያለ የሚያውቅ ልጅ ይውጣበት።


ደንገላሳ፦

ይቅርታ ግን ትንሽ አካበዳችሁት። እዚህ ዳንግላ የጋሪ ፈረስ በሁለት ዓመቱ ነው ሥራ የሚገባው። ሲሚንቶ ይጎትታል፣ ሰው ይጭናል፣ ምንም አይሆንም። ፈረስ እንደ ልጅ አልጋ ላይ አያድግም።


የእንስሳት ሐኪሙ፦

ወንድሜ፣ በሁለት ዓመታቸው የተጫኑትን ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሄደህ እያቸው። የፊት ጉልበታቸውን በእጅህ ዳስስ፣ አብጦ ታገኘዋለህ። ጀርባቸው ሰርጉዷል። ብዙዎቹ ገጣባ ናቸው። ፈረስ እስከ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር የሚችል እንስሳ ነው፣ በአሥር ዓመቱ ሜዳ ላይ ከተጣለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ባለጋሪው ድሃ ስለሆነ አማራጭ የለውም፣ እሱን አልወቅሰውም። ጠያቂው ግን የሚያስቸኩለው እንጀራ የለም፣ የሚያስቸኩለው በዓል ነው።


ከጋጣው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኤምሬትስ በእሽቅድምድም ፈረሶች ጋጣ ነው የምሠራው። አንዳንዱ ሰው "ውጭ ሀገር በሁለት ዓመቱ ይሮጣል" ስለሚል ልናገር ብዬ ነው። አዎ ይሮጣል። ግን ያ ፈረስ 450፣ 500 ኪሎ ነው፣ የሚወጣበት ጋላቢ 55 ኪሎ ነው፣ ምግቡ በሚዛን ነው የሚሰጠው፣ እግሩ በየጊዜው ራጅ ይነሣል። እንዲህም ሆኖ በየዓመቱ ስንቱ እግሩን ተጎድቶ ከውድድር ይወጣል። የነሱን ዕድሜ ወስዶ የነሱን አያያዝ መተው አያዋጣም።

ከዚህ ልትወስደው የሚገባህ አንድ ነገር አለ፣ እሱም የመልቀቅ ጉዳይ ነው። ፈረሱን ወደ ፊት ስትስበው ገመዱን ቀስ እያልክ አጥብቅ፣ አትቀጥቅጠው። አንድ እርምጃ ሲነሣ፣ እግሩ ገና መሬት ሳይነካ፣ ገመዱን ልቀቀው። ለመቆምም፣ ወደ ኋላ ለመሄድም፣ ወደ ጎን ለመዞርም ያው ነው። ዘግይተህ ከለቀቅክ ምን ሠርቶ እንዳረፈ አይገባውም። እየተራገጠ ከለቀቅከው ደግሞ መራገጥ እንደሚያሳርፈው ነው ያስተማርከው። ጆንያውን አስብ፦ አስቀመጥክ፣ ተራገጠ፣ ጆንያው ወደቀ። እሱ አሸነፈ። አሁን መራገጡ ሥራ መስሎታል።

ስለዚህ ጆንያውን ለጊዜው ተወውና ወደ ኋላ ተመለስ። በእጅህ ጀምር፣ ከአንገቱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ጀርባው። ከዚያ የታጠፈች ትንሽ ጨርቅ። ጨርቁን አስቀምጠህ ቆሞ ሲተነፍስ አንተ ራስህ አንሣለት። ከግራም ከቀኝም አድርገው። ፈረስ በግራ ዓይኑ ያየውንና የለመደውን ነገር በቀኝ ዓይኑ ሲያየው እንደ አዲስ ሊደነግጥበት ይችላል። ፊት ለፊት ግንባሩ ሥርና ቀጥታ ከኋላው ያለውን ደግሞ ጭራሽ አያይም፣ ከዚያ በኩል ድንገት አትምጣበት። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ሰዓት ካሠራኸው ሁለተኛውን ሰዓት የሚማረው መሰልቸት ነው።


የሱሉልታዋ፦

ሱሉልታ ላይ ለጀማሪ ጋላቢዎች የሚሆኑ ፈረሶች አሠለጥናለሁ፣ እና ስለ ኮርቻውና ስለ መጀመሪያው መውጣት ላክል።

ወንድሜ፣ የእንጨቱ ኮርቻ በራሱ መጥፎ አይደለም። በደንብ የተሠራ ከሆነ ሁለቱ ሳንቃዎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያርፋሉ፣ መሀሉ ክፍት ነው። ችግሩ ለአያትህ ፈረስ ጀርባ የተሠራ መሆኑ ነው። ጭነኸው ከፊት በኩል እጅህን አስገባ። ጋማው የሚያልቅበት ከፍ ያለው አጥንት ላይ ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ከሌለ ያ ኮርቻ ገጣባ ያደርገዋል። ከሥሩ የበግ አጎዛ ጠጉሩን ወደ ፈረሱ አድርገህ፣ ወይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሳይሸበሸብ አንጥፍ። ካወረድከው በኋላ ጀርባውን እይ። ላቡ እኩል ከረጠበ ጥሩ ነው። በእርጥቡ መሀል ደረቅ ቦታ ካገኘህ ግን ኮርቻው እዚያ ላይ ተጭኖ አንቆታል ማለት ነው፣ ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት የምታየው ምልክት እሱ ነው።

የሆዱ ጠፍር ላይ ነው ብዙው ፈረስ የሚበላሸው። ሰው ኮርቻው እንዳይዞር ብሎ አንዴ ግጥም አድርጎ ያስራል፣ ሕፃኑ ፈረስ ደግሞ አንድ ነገር ሆዱን የያዘው መስሎት ያብዳል። አንተ መጀመሪያ ኮርቻ ሳይኖር ለስላሳ ገመድ በሆዱ ዙሪያ አዙረህ ሳብ ለቀቅ እያደረግክ አለማምደው። ኮርቻው ሲመጣ ጠፍሩን እንዳይወድቅ ብቻ እሰር፣ ጥቂት እርምጃ አራምደው፣ ጨምር፣ እንደገና አራምደው። ኮርቻ የጫንክበትን ፈረስ መቼም ቢሆን እዚያው በቆመበት አትውጣበት፣ መጀመሪያ ይራመድ። እርካቦቹ ሆዱን እየነኩ እንዲወዛወዙም ተዋቸው፣ የሰው እግር ያው እንደሱ ነው የሚነካው።

መውጣቱ ላይ፣ ፊጥ ማለት የለም። አንድ የሚያምነው ሰው ልባቡን ይያዝ፣ አይጎትት። ጋላቢው ልጅ ድንጋይ ወይ ግንድ ላይ ይቁምና መጀመሪያ ከላይ ይታየው፣ ክንዱን ያሳርፍበት፣ ከዚያ በሆዱ ይተኛበትና ይውረድ። ይሄን ሲሰለቸው፣ ማለቴ ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ አፉን ማላመጥ ሲጀምር፣ እግሩን ያዙር። መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብሎ አንገቱን አሻሽቶ ይውረድ፣ በቃ። ጆሮዎቹን ተመልከቱ። አንዱ ወደ ጋላቢው ዞር ዞር እያለ ከሆነ እየሰማ ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ከተለጠፉ፣ ጭራው ከተጣበቀ፣ ትንፋሹን ከያዘ፣ ልጁ ይውረድ።

ሌላው፣ መቆምን ከመሄድ በፊት አስተምረው። በእርምጃ ሄዶ በድምፅህና በትንሽ የዛብ ሳብታ የማይቆም ፈረስ ለሶምሶማ አልደረሰም። በሶምሶማ የማይቆም ለግልቢያ አልደረሰም። እናንተ ጋር ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከሰል የጫነ አይሱዙ አለ አይደል፣ ሸራው እየተንጫጫ የሚያልፈው? ጥር ሳይደርስ በልባብ እያለ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ እሱን ይልመድ። ኮርቻ ላይ ሆነህ የመጀመሪያውን አይሱዙ ባታገኘው ይሻላል።


የባንጃው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አያ፣ እርስዎ ያሉትን ለአባቴ አነበብኩለት፣ "እውነቱን ነው" ብሎ ዘንድሮ በልባብ እንዲሄድ ተስማማን። አጎቴ ገና አልተዋጠለትም ግን እንጃ፣ ሲያየው ይለዝብ ይሆናል።

ጥርሱን አየሁት፣ መሀል ያሉት ሁለቱ ተቀይረዋል፣ ላይም ታችም። የተቀሩት የወተት ናቸው። ስለዚህ ዕድሜው ልክ ነው። ኪሎው በሜትሩ 224 ወጣ። የእህቴ ልጅ 43 ኪሎ ነው፣ በደንብ ይጋልባል፣ ለእሱ አስቤዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የአያቴን ልጓም ልጠቀም ወይስ ሌላ ልፈልግ? ሁለተኛ፣ ይኮላሽ የሚሉኝ አሉ፣ ባዝራ ሲያይ መጮህ ጀምሯል። ቀኝ ጆሮውስ ምንድን ነው?


አያ ከአንከሻ፦

የአያትህን ልጓም ግድግዳው ላይ ስቀለው፣ ቅርስ ነው። እሱ ልጓም የተሠራው ጦርና ጋሻ ይዞ በአንድ እጁ ለሚጋልብ፣ እጁ ለቀለለ ሰው ነው። ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ነው የሚይዘው፣ ትንሽ ብትስብ ይቆረጥመዋል። ለተማሪ ፈረስና ለተማሪ እጅ አይሆንም። እስከ ጥር ድረስ በልባብ ብቻ አስተምረው፣ መዞርና መቆሙን በልባብ ከቻለ ለልጓሙ ብዙ አይቀረውም። ለኋላው ደግሞ መሀሉ ላይ የሚታጠፍ፣ ለስላሳና ወፈር ያለ ብረት ያለው ልጓም ፈልግ። ስታስገባለት ብረቱ በጠዋት ብርድ ቀዝቅዞ እንዳይሆን፣ በእጅህ አሙቀው።

የኋላ እግሩን ነገር ማንም አልመለሰልህም። ከላይ ጀምረህ በመዳፍህ እያሻሸህ ውረድ፣ ወደ ታች ስትደርስ ትንሽ ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ካዛወረ ተው፣ አመስግነው። ቀጥሎ ሰኮናው ጫፍ ላይ ይቁም። ከዚያ ይነሣል። ከጎኑ ተጠግተህ ቁም እንጂ ከኋላው አትቁም፣ ክንድ ያህል ርቀህም አትቁም፣ እርግጫው የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።


የእንስሳት ሐኪሙ፦

ጆሮውን በጉልበት አትያዘው። አንዱን ብቻ ከሆነ የሚከለክለው ዐመል ላይሆን ይችላል። መዥገር፣ ቁስል ወይ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ውስጡ ሊኖር ይችላል፣ ወረዳ ክሊኒክ ወስደህ አሳየው። ንጹሕ ከሆነ ያኔ ልምምድ ነው፦ አንገቱን እያሻሸህ ጆሮው ሥር ድረስ ሂድና ራሱን ሳይወረውር ተመለስ። የልጓሙ ማሰሪያ በጆሮው ላይ ስለሚያልፍ ይሄ ሳያልቅ ልጓም አይሞከርም።

ማኮላሸቱን በተመለከተ፣ ለማርባት የምትፈልገው ካልሆነ እኔ አዎ እላለሁ። ወጣት ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) በበዓል ቀን በባዝሮች መሀል መያዝ ለልጅ ጋላቢ ከባድ ነው። ግን በእንጨት አይቀጥቀጥ፣ ስቃዩ ብዙ ነው፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጠዋል። በሐኪም፣ በማደንዘዣ ይሠራ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይወጋ። ጊዜው አሁን ክረምት ላይ አይሁን፣ ዝንቡና ጭቃው ቁስሉን ያበላሸዋል። ኅዳር ላይ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፣ ለጥርም ይድናል። ከተኮላሸ በኋላ እብጠቱ እንዲወርድ በየቀኑ በልባብ እንዲራመድ ታደርገዋለህ፣ ልምምዱም አይቋረጥም።

ክሊኒክ ስትሄድ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት መኖሩን አብረህ ጠይቅ። ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ወረዳው ከሌለው ሊያስመጣ ይችላል። በሽታውን የምታስተላልፈው በዓይን የማትታይ በምትመስል ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ነው፣ ከዝናቡ ማብቂያ ላይ ትበዛለች፣ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትነክሰው። በነሐሴና በመስከረም ከጀንበር መጥለቅ በፊት ቤት አስገባው። የጥገኛ ትል መድኃኒትም በኪሎው ልክ ይሰጠው፣ 224ቱን ጽፈህ ያዝላቸው።